ከኪራዩ ዋጋ በፊት ተከራዩ ይመዘን

ብዙ ቤት አከራዮች ቀድመው የሚጨነቁት ለኪራዩ ዋጋ ነው። ተከራዩ ማን ነው የሚለው ጥያቄ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ ከተቋረጠ በኋላ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በ2016 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ግን ይህ ልማድ ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

ቀደም ሲል አከራዩ ያልተስማማውን ተከራይ ኪራይ በመጨመር ወይም «ቤቱን ልቀቅልኝ» በማለት ይሸኘው ነበር። በአዋጁ መሠረት ግን ውሉ በመርህ ደረጃ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ዋጋ መጨመርም እንደ አከራዩ ፈቃድ አይደለም። በመሆኑም በአከራዩ እጅ የቀረው ዋነኛ መከላከያ ከፊርማ በፊት ማጣራት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በወር 20,000 ብር የሚከራይ ቤት ለማጣራት ሲባል አሥር ቀን ባዶ ቢቆይ 6,667 ብር ገደማ ይቀራል። ተከራዩ ሦስት ወር ሳይከፍል ቢቀመጥ ግን ጉዳቱ 60,000 ብር ነው። ቅድሚያ ክፍያውም መያዣ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሲያልፉ አብሮ ያልቃል።

ደላላውስ? ኮሚሽኑን የሚቀበለው ውሉ በተፈረመ ዕለት ስለሆነ የሁለት ዓመቱ ሥጋት የሚወድቀው በአከራዩ ላይ ነው። አጣርቶ የሚያቀርብ ደላላ ደንበኛ ያፈራል፤ ማጣራቱን ሙሉ በሙሉ ለእርሱ መተው ግን አይበጅም።

ምን ይጣራ? መታወቂያ ከባለቤቱ ጋር ይመሳከር። ደመወዝተኛ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፣ ነጋዴ ከሆነ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይታይ። የአሁኑ አከራይ ሊገላገለው የፈለገውን ተከራይ ሊያሞግስ ስለሚችል ከእርሱ በፊት የነበረው ቢጠየቅ ይሻላል። አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል ስለሚያዝ፣ አመልካቹ በየወሩ ኪራይ የላከበት ማስረጃ ከምስክር ቃል ይልቅ ይታመናል።

ተያዥ የሚጠራም ከሆነ ጥንቃቄ ያሻል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 እንደደነገገው፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም።

በአንጻሩ የአመልካቹ ብሔርና ሃይማኖት ስለ መክፈል አቅሙ የሚናገሩት ነገር የለም። በእነርሱ የሚመርጥ አከራይ ፍትሕን ከማጓደሉም በላይ ጥሩ ከፋይ ከደጁ ይመልሳል።

ማጣራቱ ሲያበቃ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ ይመዝገብ። ጥቂት ሺህ ብር ጨምሮ ከሚሰጥ ያልታወቀ ተከራይ ይልቅ በቀጠሮው ቀን የሚከፍል ተከራይ የሁለት ዓመቱን ሒሳብ ያተርፋል።