እየተራመደ የሚያሳርፍ ሙዚቃ

አንድ የክረምት ማታ እናቴ ማዕድ ቤት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እኔ ጠረጴዛው ላይ በነበረችው ትንሽ ስፒከር የሺካጎውን የላሪ ኸርድን ሙዚቃ ከፈትሁ። «ካን ዩ ፊል ኢት» ይባላል፤ በ1986 የወጣ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘፈን የለበትም። እናቴ ሁለት ደቂቃ ያህል አዳመጠችና «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ። አይገባም አልኋት። መልስ ሳትሰጠኝ ለቀማዋን ቀጠለች። ቆይቼ ሳያት ግን ጣቶቿ ከምቱ ጋር ገጥመዋል፤ ጠጠሩን ለይታ የምትጥለው ምቱን ጠብቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ የዋለው ትከሻዋም ወርዷል።

ያ ትከሻ ለምን ወረደ? ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ ስል ነው።

ብዙ ሰው የሚያረጋጋ ሙዚቃ ሁሉ ዝግ ያለ ይመስለዋል። እናቴ የሰማችው ዲፕ ሀውስና ዘመዱ ሶልፉል ሀውስ ግን ዝግ ያሉ አይደሉም። በደቂቃ ከ118 እስከ 125 ጊዜ ያህል ይመታሉ፤ አርፎ ከተቀመጠ ሰው የልብ ምት በብዙ ይፈጥናሉ። እስቲ ሰዓት ይያዙና ይቁጠሩ። በደቂቃ 120 ምት ማለት በየግማሽ ሰከንዱ አንድ ምት ነው፤ ቀልጠፍ ብሎ የሚራመድ ሰው እርምጃ ማለት ነው። አራት ምት አንድ ላይ ሲታሰር ሙዚቀኞች ባር ይሉታል፤ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። አሁን ከበሮውን ይተዉትና ከላይ የተነጠፈውን የኪቦርድ ድምፅ ያድምጡ። አንዱ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ፣ ይያዝና ይቆያል። ወደ ሌላው የሚሻገረው አንድ ባር፣ አንዳንዴም ሁለት ባር ካለፈ በኋላ ነው። ሁለት ባር አራት ሰከንድ ነው። አራት ሰከንድ ደግሞ የተረጋጋ ሰው አንድ ጊዜ ትንፋሹን ስቦ የሚያስወጣበት ጊዜ ነው።

ምስጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በአንድ ሙዚቃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ይሠራል፤ ታች ያለው የእግር ሰዓት ነው፣ ላይ ያለው የትንፋሽ። ታችኛው ሰውየውን አያስተኛውም፤ ላይኛው አያስቸኩለውም። ስለዚህም ነው ይህ ሙዚቃ ለእጅ ሥራ፣ ለረጅም መንገድ፣ ለማታ ጨዋታ የሚስማማው።

ሀውስ የሚለው ስም የመጣው ከአንድ ቤት ነው። በ1977 ሺካጎ ውስጥ ዌርሃውስ የሚባል የጭፈራ ቤት ተከፈተ። ሙዚቃውን እንዲያጫውት ከኒውዮርክ የተጠራው የብሮንክስ ልጅ ፍራንኪ ናክልስ ነበር፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት። ወደዚያ ቤት ይመጡ የነበሩት በአብዛኛው ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች፣ ብዙዎቹም የተመሳሳይ ፆታ ፍቅረኞች ነበሩ። ሌላው ቦታ በር ይዘጋባቸው ነበር። ሳይፈሩ አብረው ሌሊቱን የሚያነጉበት ቤት አገኙ። የከተማዋ ሸክላ ሻጮችም ወጣቶቹ ዌርሃውስ የሰሙትን ሙዚቃ እየጠየቁ ሲያስቸግሯቸው ስሙን አሳጥረው «ሀውስ» አሉት ይባላል።

በመሃሉ፣ ናክልስ ያጫውተው በነበረው በዲስኮ ላይ የመጣ አንድ ክፉ ምሽት አለ። ጁላይ 12 ቀን 1979 በዚያው በሺካጎ በሚገኘው ኮሚስኪ ፓርክ የቤዝቦል ሜዳ ላይ፣ በሁለት ጨዋታዎች መሃል፣ ሕዝብ ያመጣው የዲስኮ ሸክላ ተከምሮ በፈንጂ ተበተነ። ተመልካቹ ሜዳውን ወረረ፤ ሁለተኛው ጨዋታም ሳይካሄድ ቀረ። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ከዲስኮ እየሸሹ ሄዱ። ናክልስ ግን የሚያስጨፍረው ሕዝብ አለው። አዲስ ሸክላ እየጠፋ ሲሄድ የድሮዎቹን በቴፕ ቆራርጦ እየቀጠለ ማስረዘም፣ ከሥራቸውም የድራም ማሽን ምት ማስገባት ያዘ። ሀውስ የተወለደው ከዚህ እጥረት ነው፤ ድግግሞሹና ርዝመቱም ከዚያ የወረሰው ጠባይ ነው።

ላሪ ኸርድ ሙዚቃን የጀመረው በከበሮ መቺነት ነው። በባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር። የራሱን ሐሳብ ማውጣት ስለፈለገ ግን ኪቦርድና ድራም ማሽን ገዝቶ ቤቱ ቁጭ አለ። ከበሮ መቺ መሆኑን አጥብቄ የማነሣው በምክንያት ነው። ጥሩ ከበሮ መቺ የት ላይ መምታት እንዳለበት ብቻ ሳይሆን የት ላይ እጁን መሰብሰብ እንዳለበትም ያውቃል። «ካን ዩ ፊል ኢት»ን ሲሠራ የተጠቀመው በሁለት ዕቃ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ጁኖ 60 የሚባል ሲንተሳይዘር፣ ሌላው ቲአር 909 የሚባል ድራም ማሽን። ሁለቱም የጃፓኑ የሮላንድ ኩባንያ ሥራዎች ናቸው።

ይህን 909 ጠጋ ብለን እንየው። ትልቁ የከበሮ ድምፅ በማሽኑ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚፈጠር ነው፤ ደረት ላይ የሚያርፍ፣ አጭርና ክብ ድምፅ። ሃይሃቱ (ተጋጣሚዎቹ ሁለት ጸናጽሎች) ግን ከእውነተኛ ሃይሃት የተቀዳ ነው። ቅጂው በዘመኑ አቅም ሻከር ያለ ስለሆነ «ጭስ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ከበሮው በየምቱ ይወርዳል፤ ሃይሃቱ በሁለት ምት መካከል ይገባል። እግር ሲያርፍ ከበሮው፣ እግር ሲነሣ ሃይሃቱ። ከዚህ በላይ ጥቂት የማይባሉ ሌሎች ድምፆችን መደርደር ይችል ነበር። ኸርድ አልደረደረም። ቤዙን አስገባ፤ ከላይ እንደ ጉም የሚንሳፈፉ ኮርዶችን ዘረጋ፤ ከዚያ በኋላ ተወው። የሙዚቃው ጥልቀት የመጣው ከዚህ መተው ነው። ኮርዶቹ ከጃዝ የመጣ ጠባይ አላቸው፤ ደስታና ሐዘን ሳይለዩ አንድ ላይ የሚሰሙባቸው ናቸው። ትዝታን ለሚያውቅ ጆሮ ይህ ስሜት እንግዳ አይሆንበትም።

ሶልፉል የሚለው ቅጽል የሚመጣው ድምፃዊ ሲጨመር ነው። እዚህ ላይ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ይገባል። የጆ ስሙዝ «ፕሮሚስድ ላንድ» በ1987 ሲወጣ የጭፈራ ሙዚቃ ነበር፤ ርእሱ ግን የተስፋይቱ ምድር ነው፣ አዘፋፈኑም የዝማሬ ነው። በኒውዮርክና በጎረቤቷ በኒው ጀርሲም ይህ ወገን በረታ። ከ1996 ጀምሮ ፍራንሷ ኬ፣ ጆ ክላውሰልና ዳኒ ክሪቪት «ቦዲ ኤንድ ሶል» የተባለውን ዝግጅት በኒውዮርክ ሲያካሂዱ የመረጡት ሌሊቱን ሳይሆን የእሑድን ከሰዓት በኋላ ነበር። የቀኑ ምርጫ ብቻውን ስለ ሙዚቃው ብዙ ይናገራል።

ዳውንቴምፖ ሌላ መንገድ ነው፤ እሱ በእርግጥም ዝግ ይላል። ምቱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ70 እስከ 110 ባለው ውስጥ ነው፤ ከሂፕሆፕና ከሬጌው ዘመድ ከዳብም ብዙ ይዋሳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በለንደን የጭፈራ ቤቶች ውስጥ ጨፋሪው የሚያርፍባቸው ክፍሎች ተከፍተው ነበር፤ ለእነዚያ ክፍሎች የሚስማማ ሙዚቃም አብሮ አደገ። በስፔኗ ኢቢዛ ደሴት ደግሞ በ1980 የተከፈተው ካፌ ዴል ማር አለ። ሆሴ ፓዲያ ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትገባ የሚያሰማውን ሙዚቃ በካሴት እየቀዳ ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር፤ በ1994 የካፌው ስም ያለበት የመጀመሪያው ሲዲ ወጣ። የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ ግን የእንግሊዙን የናይትሜርስ ኦን ዋክስን «ስሞከርስ ዲላይት» (1995) አስቀድማለሁ። የካፌ ዴል ማርን መንገድ ተከትለው የመጡት ብዙዎቹ ስብስቦች ጌጥ ሆነው የቀሩ ናቸው፤ ይኸኛው ሥር አለው።

አሁን ስለ አደማመጥ። መጀመሪያ የምለምንዎ ነገር ቢኖር በስልክዎ ስፒከር እንዳይሰሙት ነው። የስልክ ስፒከር ትንሽ ስለሆነች ዝቅተኛውን ድምፅ ማውጣት አትችልም። ቤዙ ሲጠፋ የሙዚቃው ግማሽ ይጠፋል፤ የሚቀርልዎ ሃይሃቱና አሰልቺ ድግግሞሽ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሀውስን የጠላው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ርካሽም ቢሆን ኢርፎን ይሻላል። ድምፁን በጣም አይቀንሱት፤ ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ጊዜ ቤዙን ከሌላው ቀድሞ ያጣዋል። ጮክ ማለትም የለበትም፤ አጠገብዎ ካለ ሰው ጋር ሳይጮኹ መነጋገር ከቻሉ ልኩ ያ ነው።

ጀማሪ ከሆኑ በፍራንኪ ናክልስ «ዘ ዊስል ሶንግ» (1991) ይጀምሩ። ግጥም የለውም፤ ዜማውን የሚይዘው ዋሽንት የሚመስል ድምፅ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ቤዙን ብቻ ይከተሉ። ሌላ ቀን ሲሰሙት ኮርዱ የሚለወጥበትን ቅጽበት ይጠብቁ። አንድ ነገር ሲገባ ወይም ሲወጣ ያስተውሉ፤ ሃይሃቱ ለአራት ባር ጠፍቶ ሲመለስ ምንም አዲስ ነገር ሳይጨመር ቤቱ የሰፋ ይመስላል። ናክልስ በ1998 የዓመቱ ምርጥ ሪሚክስ ሠሪ ተብሎ የግራሚ ሽልማት ሲያገኝ ሽልማቱ በዚያ ዘርፍ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በ2014 አርፏል፤ ሺካጎ ውስጥ ግን ዌርሃውስ የነበረበት መንገድ በስሙ ይጠራል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ኸርድ ሺካጎ ቤቱ ውስጥ ከማሽኖቹ ጋር ብቻውን በተቀመጠበት ዘመን፣ በዚያው አሜሪካ፣ አንድ የእኛ ሰው ተመሳሳይ ነገር እያደረጉ ነበር። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ ጋር ለጉዞ ወጥተው ዋሽንግተን ቀርተዋል። በ1985 አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። ሁለቱ አይተዋወቁም ነበር፤ ሙዚቃውም ሀውስ አይደለም። ነገር ግን የማይደክም የማሽን ምት ከታች፣ ረጅም ትንፋሽ ያለው አኮርዲዮን ከላይ፤ ሁለቱ ሰዓቶች እዚያም አሉ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በየአገሩ ተደመጠ። በዚያ ጊዜ ኃይሉ ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር። ኪቦርዳቸው በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር። ተራቸው እስኪደርስ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ አውጥተው የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዱ ነበር።