ቴሌብር እምቢ ሲል የተበላሸው የቱ ደርብ ነው?

ጌዶ ገበያ ጤፉን የሸጠ ገበሬ *127# ደውሎ የቴሌብር ሒሳቡን ሲያይ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ጥያቄው በዩኤስኤስዲ፣ ማለትም ያለ ዳታ በሚሠራው የኮድ መልእክት፣ በኩል አንቴናው ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሰርቨር ይሄዳል። ፕሮግራሙ የሚስጥር ቁጥሩን ያረጋግጣል፣ ቀሪ ሒሳቡን ከዳታቤዝ አውጥቶ ይመልሳል። በመተግበሪያው ሲገባ ዳታ መክፈት ግድ ነው። የተቀየሩት የላይኛው ደርብና የኔትወርኩ መንገድ ናቸው፤ ብሩ የተመዘገበበት ቦታ ያው ነው። ለዚህ ነው መተግበሪያው ሲደክም *127# ብዙ ጊዜ የሚሠራው።

ከስልኩ እስከ ዳታቤዙ ያሉት እነዚህ ደርቦች በአንድነት ስታክ ይባላሉ። ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ ከምርቶቹ የመጀመሪያ ፊደል ይወጣል፦ ሊኑክስ፣ አፓቺ፣ ማይኤስኪውኤልና ፒኤችፒ ተሰብስበው በ1998 እ.ኤ.አ. «ላምፕ» ተባሉ። ለማስታወስ ይመቻል፤ ግን የትኛው ምን እንደሚሠራ አይናገርም፣ ኔትወርኩንና የተጠቃሚውን ስልክም ጭራሽ ይረሳል። እንደኔ ደርብን በሥራው መጥራት ይሻላል፦ ገጽታ፣ ፕሮግራም፣ መረጃ ማከማቻ፣ ኔትወርክ።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ሲቪያችሁ ላይ «ፉል ስታክ» ብላችሁ አትለፉት። ሲበላሽ ራሳችሁ ልትጠግኑት የምትችሉትን ደርብ በስሙ ጻፉ።