ሞተር ብስክሌትን በአስቸጋሪ መንገድ እንዴት እንነዳለን?

አብዛኛው የአገራችን ገበሬ የሚኖረው ከዋናው መንገድ ርቆ ነው። መኪና የማይገባበት መንደር ብዙ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ሞተር ብስክሌት፣ በተለምዶ ዶቅዶቄ የሚባለው፣ ዛሬ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። የጤና ባለሙያ ክትባት ይዞበት ይመጣል። የእርሻ ባለሙያ ይመላለስበታል። የመንደሩ ወጣትም ሰው አፈናጥጦ ገበያ ያደርስበታል።

ዳሩ ግን ይኸው ሞተር ጠባዩን በማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ እግር ይሰብራል፤ ነፍስም ያጠፋል። ስለዚህ የሚነዳውም ሆነ የሚፈናጠጠው ሰው ጠባዩን ማወቅ አለበት።

1. የሞተር ዓይኑ ነጂው ነው

በቅሎ የራሷ ዓይን አላት። ጌታዋ ቢያንቀላፋ እንኳ ገደል ስታይ ትቆማለች። ድንጋይ ከድንጋይ መርጣ ትረግጣለች። ሞተር ግን ዓይን የለውም። ዓይኑ ነጂው ነው። ነጂው ወዳየበት ይሄዳል።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን የትምህርቱ ሁሉ ሥር ይኸው ነው። ዓይኑን ድንጋይ ላይ የተከለ ነጂ ድንጋዩን ይመታል። ገደሉን ፈርቶ ገደሉን ብቻ የሚያይ ወደ ገደሉ ይሳባል። ለምን ቢባል፣ እጅ ዓይንን ይከተላል።

ይህን ነገር አራሽ ያውቀዋል። ትልሙ ቀጥ እንዲልለት የሚፈልግ ገበሬ የማረሻውን ጫፍ ብቻ እያየ አያርስም። ከማሳው ማዶ ምልክት ይይዝና ወደዚያ ያርሳል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። በፊት ጎማው ሥር ያለውን ሳይሆን፣ ከ20 ወይም ከ30 እርምጃ ወዲያ ያለውን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። መሰናክሉን አንድ ጊዜ እዩት፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓይናችሁን በማለፊያው ላይ አሳርፉ።

2. አቋምና አያያዝ

በገጠር የሚነዳ ትንሽ ሞተር እንኳ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አንድ ኩንታል እህል ማለት ነው። ይህን ክብደት በክንድ ጉልበት ታግሎ ማቅናት አይቻልም። መሪውን አንቆ የሚይዝ ነጂ ቶሎ ይደክማል። ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር እሱም አብሮ ይናጋል። ዕርፍ እንዴት እንደሚያዝ አስቡ። ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል፤ ግን ክንድ አይገተርም። መሪም እንዲሁ ነው።

ጎርባጣ መንገድ ሲመጣ ከመቀመጫ ተነሥቶ በእግር መርገጫው ላይ መቆም ጥሩ ነው። ጉልበት ጥቂት ይታጠፋል። የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ በሁለት ጉልበት መካከል ይያዛል። ያን ጊዜ እግር እንደ ሞላ ያገለግላል። ሞተሩ ከሥር ይዘላል፤ ሰውየው ግን ይረጋል። ቆሞ ሲሄድም አሻግሮ ያያል።

ሰው ያፈናጠጠ ነጂ እንዲህ ለመቆም አይመቸውም። ስለዚህ ጎርባጣ ሲያጋጥመው ይበልጥ ቀስ ይበል። መንገዱ በጣም ከከፋም የተፈናጠጠው ሰው ወርዶ በእግሩ ይለፍ። ይህ ነውር አይደለም።

3. ፍሬን

ሞተር ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ የፊት፣ አንዱ የኋላ። በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው። ምክንያቱም ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። በጠጠር፣ በአሸዋና በጭቃ ላይ ግን የፊቱን ፍሬን በድንገት ጭምቅ ማድረግ ይጥላል። የፊት ጎማ መዞሩን ካቆመ መሪው አይታዘዝም። እዚያ ላይ ሁለቱንም ቀስ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

ዋናው ነገር ፍሬን የሚያዝበት ጊዜ ነው። ፍሬን የሚያዝ ከድንጋዩ በፊት ነው። ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን ለቀቅ አድርጎ ማለፍ ይገባል።

ፍጥነትም ሌላ ጉዳይ ነው። ፍጥነት በ2 እጥፍ ሲጨምር፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ሞተሩ የሚሄደው ርቀት በ4 እጥፍ ይጨምራል። ጥጃ ወይም ሕፃን ድንገት መንገድ ሲገባ ይህ ሒሳብ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? በሞተር የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።

4. አቀበትና ቁልቁለት

አቀበት ላይ ማርሽ የሚቀየረው ከሥር፣ ሳይጀመር ነው። 1ኛ ወይም 2ኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ደረትን ወደ ፊት ሰጥቶ፣ ቤንዚኑን ሳያቋርጡ መውጣት ነው። መሃል ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ፍሪሲዮኑን አትሳቡ፤ ማርሹ እንደገባ ይቆይ። የፊት ፍሬኑን ያዙና በላይኛው በኩል ውረዱ። አልያዝ ብሎ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ግን ልቀቁት። ሞተር ይጠገናል። የሰው ወገብ እንደ ሞተር አይጠገንም።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተር ማጥፋት ወይም ማርሽ ነፃ ማድረግ ቤንዚን መቆጠብ የሚመስላቸው አሉ። ይህ አደገኛ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን የጭነት መኪና ተመልከቱ። ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ጥሩ ሾፌር በከባድ ማርሽ እያጓራ ይወርዳል። ፍሬን ብቻውን ብዙ ሲሠራ ይግላል፤ ሲግል አልይዝ ይላል። ሞተር ብስክሌትም በ1ኛ ወይም በ2ኛ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ነጂው ሰውነቱን ወደ ኋላ ይበል፤ ፍሬኑንም በልክ ያግዝ።

5. ጭቃና አሸዋ

የዋልካ መሬት ሲዘንብበት እንደ ሊጥ ይሆናል። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማው መዞር ያቅተዋል። ያን ጊዜ ቤንዚን በኃይል መስጠት ፍሪሲዮን ያቃጥላል እንጂ አያወጣም። ወርዶ ጭቃውን በእንጨት መጎርጎር ነው። ሲቻልማ ፀሐይ መሬቱን እስክታደርቀው ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ይሻላል።

መኪና የቆፈረው የጎማ ቦይ ውስጥ የገባ ነጂ ከቦዩ በግድ ለመውጣት መሪውን አይጠምዝዝ። ዓይኑን ወደ ፊት አድርጎ ቦዩን ይከተል። አሸዋ ላይም መሪው ይወዛወዛል። በዚህ አትደንግጡ። ክብደትን ወደ ኋላ አድርጎ ቤንዚኑን ባንድ ልክ መያዝ ነው። በድንገት ቤንዚን የተቀነሰ እንደሆነ የፊቱ ጎማ ይሰምጣል።

6. ወንዝ

ወንዝ በሞተር ከመሻገር በፊት በእግር ተሻግሮ ማየት ያስፈልጋል። በትር ይዞ ጥልቀቱንና ከሥሩ ያለውን ድንጋይ መለካት ነው። ውሃው ከጎማው መሃል በላይ ከሆነ ተቀምጦ መሻገር አይገባም። ውሃው ካልበረታ ሞተሩን አጥፍቶ በሰው እርዳታ መግፋት ይቻላል። ደፍርሶ የሚጋልብ ውሃ ከሆነ ግን ቁሙ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ኃይለኛ ውሃ የቆመ ሰው ይጥላል። ሰማዩ እዚህ ብሩህ ቢሆንም ከላይ አገር ከዘነበ ደራሽ ይመጣል። ተሳፋሪም «ቶሎ አድርሰኝ» ብሎ ነጂውን አይገፋፋ።

ሲሻገሩ በ1ኛ ማርሽ ቀስ ብሎ፣ ዓይንን ከውሃው ላይ አንሥቶ ወደ ማዶ ማድረግ ነው። የሚፈስ ውሃ ዓይንን ይዞ ይሄዳል። ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑን ደጋግሞ መያዝና ማድረቅ ይገባል። ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ከጠፋ ወዲያው ለማስነሣት አትሞክሩ። ካንዴላው ይፈታ፤ መምቻውን እየረገጡ ውሃውን ማስወጣት ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ መለወጥ አለበት።

7. ከመነሣት በፊት

ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ዘይት፣ ቤንዚን፣ የላላ ዳዶ፤ እነዚህን በየጠዋቱ ማየት 5 ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ገበሬ በሬውን ሳይጠምድ ቀንበሩንና ማነቆውን ያይ የለም እንዴ?

የራስ መከላከያ ቆብም መንደር ለመንደር ነው ተብሎ አይቀር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ፣ ቆቡ በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቆቡ ከአገጭ ሥር ካልታሰረ ግን ሲወድቁ ይወልቃል፤ አይጠቅምም።

8. ልምምድ

ይህ ሁሉ ተነቦ ብቻ አይገኝም። አውድማ ወይም ያደረ ሜዳ ፈልጉ። ሰው ሳታፈናጥጡ ተለማመዱ። በመጀመሪያ በሰው እርምጃ ፍጥነት ቀስ ብሎ ቀጥ ባለ መስመር መሄድ። ቀጥሎ ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ የ8 ቁጥርን ቅርጽ እየሠሩ መዞር። ቀጥሎ ቆሞ መንዳት። በመጨረሻም ፍሬን መያዝን በደረቅ መሬትና በጠጠር ላይ ለየብቻ መሞከር። ፈጥኖ መንዳት ማንም ይችላል። ቀስ ብሎ ሳይወድቅ የሚነዳ ግን የተማረ ነው።

መንገዱን እስክናሠራው ድረስ ድንጋዩም ጭቃውም አለ። ነጂው ግን አስቀድሞ ካየ፣ አስቀድሞ ከወሰነና ከዘገየ ክትባቱም ይደርሳል፤ እሱም ወደ ልጆቹ ይመለሳል።

ጥያቄዎች

1. በቅሎና ሞተር የሚለያዩት በምንድን ነው?
2. ፍሬን የሚያዘው ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ነው ወይስ ከዚያ በፊት? ለምን?
3. ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነፃ ማድረግ ለምን አደገኛ ሆነ?
4. በእናንተ ቀበሌ በሞተር መሻገር የማይገባው ወንዝ የትኛው ነው? በየትኛው ወር? ተወያዩበት።