ያደረ ዳቦ ለብሩስኬታ ለምን ይመረጣል?

ትናንት ተገዝቶ ያደረ ዳቦ ዛሬ ጠንክሮ ሲገኝ ብዙዎቻችን «ደረቀ» ብለን እንፈርድበታለን። ለመሆኑ ዳቦው በእርግጥ ደርቋልን? በላስቲክ ከረጢት ታስሮ የቆየ ከሆነስ ውኃው በየት በኩል ወጣ? ውኃው ካልወጣ ደግሞ ስለምን ጠነከረ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ብሩስኬታ የተባለውን የጣሊያን ምግብ በቤት ውስጥ በአግባቡ ለማዘጋጀት ይረዳል። ከዚህም በላይ ያደረ ዳቦ መቼ እንደሚበላና መቼ እንደሚጣል በእውቀት ለመወሰን ያስችላል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ዳቦን ከመምረጥ ጀምሮ እስከ መጥበስ ድረስ ያለውን ሂደት ከሳይንሳዊ ምክንያቱ ጋር እንመለከታለን።

ብሩስኬታ ምንድን ነው?

ብሩስኬታ በእሳት የተጠበሰ፣ ነጭ ሽንኩርት የታሸበትና የወይራ ዘይት የፈሰሰበት የዳቦ ቁራጭ ነው። ስያሜው በሮማ አካባቢ ቀበልኛ በፍም ላይ መጥበስን ከሚያመለክተው «ብሩስካሬ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው። አንዳንድ ሰዎች «ብሩሼታ» ብለው ይጠሩታል፤ ትክክለኛው የጣሊያንኛ አነባበብ ግን በ«ኬ» ድምፅ ነው። በቶስካና አውራጃ ደግሞ «ፌቱንታ» ይባላል፤ ይኸውም «ዘይት የተቀባች ቁራጭ» እንደ ማለት ነው። በዚያ አካባቢ በኅዳር ወር ገደማ ወይራ ተጨምቆ አዲሱ ዘይት ሲወጣ፣ ዘይቱን በተጠበሰ ዳቦ ላይ አፍስሶ መቅመስ የቆየ ልማድ ነው። ቲማቲም የሚደረግበት ብሩስኬታ በዓለም ዙሪያ ይበልጥ ቢታወቅም ከብዙዎቹ ዓይነቶች አንዱ ብቻ ነው። ምግቡ ከገበሬ ማዕድ የተገኘ እንደ መሆኑ መጠን ያደረን ዳቦ ላለማባከን ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል።

ዳቦ የሚጠነክረው በመድረቁ ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1852 ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ቡሳንጎ ዳቦን አየር በማያስወጣ ዕቃ ውስጥ ዘግቶ መረመረ። ዳቦው ውኃውን ሳያጣ ጠነከረ። እንደገና ሲያሞቀው ደግሞ ልስላሴው ተመለሰ። ከዚህ ሙከራ የዳቦ መጠንከር ከውኃ መትነን የተለየ ሌላ ምክንያት እንዳለው ለመረዳት ተቻለ።

ምክንያቱ ስታርች ነው። የስንዴ ዱቄት አብዛኛው ክፍል ስታርች ሲሆን፣ በውስጡም አሚሎስና አሚሎፔክቲን የሚባሉ ሁለት ዓይነት ረጃጅም ሞለኪውሎች ይገኛሉ። ሊጡ በሚጋገርበት ጊዜ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ የስታርቹ ደቃቅ እንክብሎች ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ሥርዓት ይዘው ተደርድረው የነበሩት ሞለኪውሎችም ይበታተናሉ። ዳቦው ከምድጃ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ እንደገና መደርደር ይጀምራሉ። አሚሎስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይረጋል፤ አሚሎፔክቲን ግን ቀስ በቀስ፣ በቀናት ውስጥ ወደ ክሪስታልነት ይለወጣል። ዳቦውን ቀን በቀን እያጠነከረው የሚሄደው በአመዛኙ ይህ ሁለተኛው ለውጥ ነው። መልካሙ ነገር የአሚሎፔክቲን ክሪስታሎች ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መቅለጣቸው ነው። ያደረ ዳቦ ሲሞቅ የሚለሰልሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ተመልሶ ሲቀዘቅዝ መጠንከሩ አይቀርም።

ክሪስታሎቹ በፍጥነት የሚፈጠሩት ከበረዶ ነጥብ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ነው። በመሆኑም ዳቦን በተለመደው የማቀዝቀዣ ክፍል ማስቀመጥ ሻጋታን ቢያዘገይም መጠንከርን ያፋጥናል። ዳቦን ለረጅም ጊዜ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ቆራርጦ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርሰው የበረዶ ክፍል ቢያስቀምጠው ይመረጣል።

የትኛው ዳቦ ይሻላል?

ለብሩስኬታ የሚሆን ዳቦ ሁለት ተቃራኒ ግዳጆችን መወጣት አለበት። ላዩ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ፣ ውስጡ ደግሞ ለስላሳ መሆን ይገባዋል። ከዚህም ጋር የዘይትና የቲማቲም ጭነት ተሸክሞ መቆም አለበት። ስለዚህ ወፍራም ቅርፊት ያለው፣ ውስጡ ጠንከር ያለና መካከለኛ ቀዳዳዎች ያሉት ዳቦ ተመራጭ ነው።

በደቡብ ጣሊያን በፑሊያ አውራጃ የሚጋገረው የአልታሙራ ዳቦ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ዳቦ እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ ኅብረት የትውልድ ቦታ ጥበቃ ተሰጥቶታል። የሚዘጋጀው ሁለት ጊዜ ከተፈጨ የዱረም ስንዴ ዱቄት ሲሆን ውስጡ ቢጫማ ነው፤ ቢጫነቱን የሚሰጡትም ካሮቴኖይድ የተባሉ ቀለሞች ናቸው። የዱረም ስንዴ ዱቄት ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ዳቦው ሳይበላሽ ሊሰነብት ይችላል። ዱረም ስንዴ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ የዚህን ስንዴ ዝርያዎች ብዛት በማየት ሀገራችንን ከታላላቅ የሰብል ብዝኃ ሕይወት ማዕከሎች መካከል መድቧታል።

የቶስካና ዳቦ በበኩሉ ጨው የሌለበት በመሆኑ ይታወቃል። ብቻውን ሲበላ አልጫ ቢመስልም ጨው ያለበትን ማባያና የዘይቱን ጣዕም ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል። በአንጻሩ ቻባታ የተባለው ዳቦ ትልልቅ ቀዳዳዎች ስላሉት የቲማቲሙ ፈሳሽ ሾልኮ ሊንጠባጠብ ይችላል። ብዙዎች ጥንታዊ አድርገው የሚገምቱት ይህ ዳቦ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

በአካባቢያችን የሚገኘውን ዳቦ ስንመርጥም መመዘኛው ያው ነው። በነገራችን ላይ «ፉርኖ» የምንለው ቃል ራሱ ምድጃ የሚል ትርጉም ካለው «ፎርኖ» ከተባለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። ስኳርና ወተት የበዛበት ለስላሳ ዳቦ ውስጡ ሳይሞቅ ላዩ ቶሎ ስለሚጠቁር ለዚህ ሥራ አይመከርም። የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው፣ ቅርፊቱ ወፈር ያለ ዳቦ ግን ይስማማል። ትኩስ ዳቦ በቢላዋ ሲቆረጥ ይጨፈለቅና ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ያደረው ግን ቅርጹን ይዞ ይቆረጣል። ጥንካሬው የሚያሰጋ አይደለም፤ ከላይ እንደተገለጸው ሙቀቱ ውስጡን መልሶ ያለሰልሰዋልና።

እሳቱ ምን ይሠራል?

ቁራጩ ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው መልካም ነው። ከዚህ ከሳሳ ሙቀቱ እስከ መሐሉ ዘልቆ ሙሉ በሙሉ ያደርቀዋል፤ ከዚህ ከወፈረ ደግሞ ላዩ ሲበስል መሐሉ ሳይሞቅ ይቀራል።

ዳቦ በውስጡ ብዙ ውኃ አለ። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የዚያ ክፍል ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። 1 ግራም ውኃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ጁል ገደማ ይበቃል፤ ያንኑ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,260 ጁል ገደማ፣ ማለትም ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል። ላዩ ሲደርቅ ግን ሙቀቱ በፍጥነት ያሻቅባል። 140 ዲግሪን ሲያልፍ አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች እርስ በርስ በፍጥነት እየተዋሐዱ ቡናማ ቀለምና ደስ የሚል መዓዛ ይፈጥራሉ። ይህ ሂደት እ.ኤ.አ. በ1912 መጀመሪያ በገለጸው ፈረንሳዊ ኬሚስት ስም «የማያር ሪአክሽን» ይባላል።

ከዚህ የምንረዳው እሳቱ ብርቱ፣ ጊዜው ግን አጭር መሆን እንዳለበት ነው። ደካማ እሳት ላዩ ቀለም ሳይዝ ውስጡን ያደርቀዋል፤ ውጤቱም ብስኩት ይሆናል። በፍም ላይ፣ በጋለ ደረቅ የብረት መጥበሻ ወይም ከላይ በሚያቃጥል የኤሌክትሪክ ምድጃ ሥር በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያህል መጥበስ በአብዛኛው ይበቃል። ዳቦውን ትቶ መሄድ ግን አይገባም፤ ከወርቃማ ወደ ጥቁር የሚወስደው ጊዜ በጣም አጭር ነውና።

ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ቲማቲሙ

ቅደም ተከተሉም ምክንያት አለው። በመጀመሪያ በትኩሱ ዳቦ ላይ የተላጠ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ይታሻል። በነጭ ሽንኩርት ሕዋሳት ውስጥ አሊን የተባለው ውሕድና አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም ተለያይተው ይቀመጣሉ። የተጠበሰው ዳቦ ሸካራ ገጽ እንደ ሞረድ ሆኖ ሕዋሳቱን ሲያፈርሳቸው ሁለቱ ይገናኙና ኃይለኛ ሽታ ያለው አሊሲን ይፈጠራል። ሽንኩርቱ አስቀድሞ ቢጠበስ ኖሮ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ከሥራ ውጭ ያደርገው ነበር።

ቀጥሎ የወይራ ዘይት ይፈስሳል። ዘይቱ ከመጥበስ በኋላ እንጂ በፊት የማይደረገው የመዓዛው ውሕዶች በብርቱ ሙቀት ስለሚተኑ ነው። ዘይቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ የዳቦውን ገጽ ሸፍኖ የቲማቲሙ ፈሳሽ ፈጥኖ እንዳይሰርግ ያዘገያል። የተጠበሰው ገጽ የሚንኮሻኮሸው ደረቅ በመሆኑ ብቻ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ እንደ ጎማ ይልመጠመጣል። ስለዚህ የተከተፈው ቲማቲም አስቀድሞ በጥቂት ጨው ታሽቶ ለ15 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። ጨው በኦስሞሲስ አማካይነት ከሕዋሳቱ ውስጥ ውኃ ስቦ ያወጣል፤ ይህን ፈሳሽ አጥልሎ ቲማቲሙን በመጨረሻ፣ ልክ ሊበላ ሲል በዳቦው ላይ ማድረግ ይገባል።

ወርቃማ ይሁን እንጂ ጥቁር አይሁን

ያንኑ መዓዛ የሚሰጠን ሂደት የማይፈለግ ውጤትም አለው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2002 የስዊድን የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤትና የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስታርች ባላቸው የተጠበሱና የተጋገሩ ምግቦች ውስጥ አክሪላማይድ የተባለ ውሕድ መገኘቱን አስታወቁ። ውሕዱ የሚፈጠረው አስፓራጂን የተባለው አሚኖ አሲድ ከ120 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከስኳር ጋር ሲዋሐድ ነው። አክሪላማይድ በእንስሳት ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ስለታየ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 በሰው ላይም ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ተብለው ከሚገመቱ ነገሮች መካከል መድቦታል። በምግብ አማካይነት በሰዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በጥናት አልተረጋገጠም። ስለዚህ መሸበር ባያስፈልግም መጠንቀቅ ብልህነት ነው፤ ዳቦው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር የውሕዱ መጠን ይጨምራልና ወርቃማ ሲሆን ማውጣት፣ ያረረውን ክፍል ደግሞ ፍቆ ማስወገድ ይገባል።

ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ሻጋታ ነው። የጠነከረ ዳቦና የሻገተ ዳቦ አንድ አይደሉም። ጠንካራው ስታርቹ የተደረደረበት ጤናማ ምግብ ሲሆን እሳት ያድነዋል። የሻገተውን ግን እሳት አያድነውም። በላዩ የሚታየው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ የሻጋታው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፤ በዐይን የማይታዩት ክሮቹ በዳቦው ቀዳዳዎች ውስጥ ዘልቀው ይሰራጫሉ። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጯቸው መርዞችም የመጥበሻን ሙቀት ተቋቁመው ይቀራሉ። ስለሆነም የሻገተውን ቦታ ቆርጦ ቀሪውን መጥበስ መፍትሔ ስላልሆነ ዳቦው በሙሉ መጣል አለበት።

እንግዲህ ያደረ ዳቦ ሲያጋጥመን አስቀድመን ሻጋታ መኖር አለመኖሩን እንመርምር። ሻጋታ ከሌለው ጥንካሬው የጥፋት ምልክት ሳይሆን በጥቂት ደቂቃ ሙቀት የሚፈታ የሞለኪውሎች ድርድር ነው። ወፈር አድርገን ቆርጠን፣ በብርቱ እሳት ፈጥነን ጠብሰን፣ ሽንኩርቱንና ዘይቱን በየተራቸው ብናደርግበት ለመጣል የታሰበው ዳቦ ለማዕድ ይበቃል።