የውሻ እከክና የሚያሳክክ ቍስል በቤት እንዴት እንዲታከም

በከፋ አገር፣ በቦንጋና በደካ በኩል፣ ዝናም ከዓመቱ ወራት የሚበዙትን ይዘንማል። ዱሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቡናውም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ስለ ሆነ ምድሩን ርጥበት አይለየውም። በዚህ አገር ውሻ ለጌጥ የሚያዝ እንስሳ አይደለም። በቆሎው ሲያሽት ዝንጀሮና ከርከሮ ይመጣሉ፤ ሌሊት ደግሞ ጃርት የእንሰቱን ሥር ይቆፍራል፤ ይህን ሁሉ ጮኾ የሚመልሰው ውሻው ነው። ስለዚህ ውሻው ታሞ የተኛ እንደ ሆነ የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰቡ የዓመት ቀለብም ጠባቂ ያጣል።

ውሻን ከሚያገኙት ደዌዎች ይልቅ ለዓይን የሚያስጠላው እከክ ነው። በመጀመሪያ ውሻው ዕረፍት አጥቶ ሲያክ ያድራል፤ ቀጥሎ ጠጕሩ ይረግፋል፤ ቆዳው ይወፍርና ቅርፊት ያወጣል፤ በጥፍሩና በጥርሱ የቧጨረውም ስፍራ ይመግላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ውሻውን ተጸይፎ ከደጁ ያባርረዋል፤ አንዳንዱም ያስገድለዋል። የተባረረው ውሻ ግን በገበያና በሥጋ ቤት ደጅ ከሚውሉት ውሾች ጋራ ተቀላቅሎ ደዌውን ያካፍላቸዋል፤ እነርሱም መልሰው ወደየቤቱ ያመጡታል። በአንድ ቤት ሊያልቅ ይችል የነበረው ነገር በዚህ ዓይነት የመንደር ደዌ ይሆናል።

የሚያሳክክ ቍስል ሁሉ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ስለዚህ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ውሻውን በብርሃን አቁሞ ከጆሮው እስከ ጅራቱ መመርመር ይገባል። ይህንንም የቤቱ ባለቤት ራሱ ቢያየው ይሻላል፤ ለዘበኛ ብቻ የተተወ ምርመራ «ደኅና ነው» በሚል አንድ ቃል ያልቃልና።

ቍስሉ በወገቡና በጅራቱ ሥር የበዛ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቍንጫ ሥራ ነው። ጠጕሩን ገልጦ ጥቍር አቧራ የሚመስል ነገር ያገኘ ሰው ጥቂቱን አንሥቶ በርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ያኑረው፤ ቀይ ሆኖ ከተሰራጨ የቍንጫ ኩስ ነው፤ ቅላቱም ቍንጫዋ የጠጣችው የውሻው ደም ነው። ቍስሉ በጆሮው ጠርዝ፣ በክርኑ፣ በኋላ እግሩ ቍርጭምጭሚትና በሆዱ በኩል ወጥቶ ጀርባው ደኅና ከሆነ ግን እውነተኛው እከክ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ይህን የምታመጣው ሳርኮፕተስ የምትባል ስምንት እግር ያላት ረቂቅ ተባይ ናት፤ ሴቲቱ ቆዳውን ቦርቡራ ገብታ ዕንቍላሏን በውስጡ ትጥላለች። የከብት ሐኪሞች እርሷን የሚጠረጥሩበት አንድ ቀላል ብልሃት አለ፤ የውሻውን የጆሮ ጠርዝ በጣት ሲያሹት የኋላ እግሩ ሳያስበው ለማከክ ይነሣል። ክብ ሆኖ የተመለጠ ስፍራ፣ ይልቁንም በቡችላ ላይ ሲሆን፣ ጭርት ሊሆን ይችላል። መዥገር ደግሞ በጆሮ ውስጥና በእግር ጣቶች መካከል ይደበቃል። ሙጀሌም የልጆችን እግር ብቻ ሳይሆን የውሻንም መዳፍ ስለምትበላ መዳፉን ገልብጦ ማየት አይዘንጋ።

በቤት የሚሆነው ሕክምና እንግዲህ ይህ ነው። በቍስሉ ዙሪያ ያለውን ጠጕር በመቀስ በጥንቃቄ አሳጥሮ መቍረጥ፤ በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟምቶ በንጹሕ ጨርቅ ቍስሉን በቀን ሁለት ጊዜ ማጠብ፤ ከዚያ በኋላ ሳይፈትጉ በደረቅ ጨርቅ እየነኩ ማድረቅ። ርጥበት የማይለየው አገር ያለ ሰው ለማድረቁ ከማጠቡ ይልቅ ይትጋ፤ ርጥብ ሆኖ የቀረ ቍስል በአንድ ሌሊት እጥፍ ሊሰፋ ይችላል።

ውሻው ቍስሉን ከላሰው ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። የውሻ ምላስ ቍስል ያድናል ሲባል እንሰማለን፤ ነገር ግን መላሱ ስፍራውን አርጥቦና ልጦ ያባብሰዋል። ከወፍራም ካርቶን ወይም ታችኛው ተቈርጦ ከወጣ አሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ እንደ አንገትጌ ያለ ነገር ሠርቶ ማጥለቅ ይበቃል። ውሻው አንድ ቀን ያኰርፍ ይሆናል፤ ኋላ ግን ይለምደዋል።

ከፋ የማር አገር ነው። ያልተበረዘ ንጹሕ ማር በታጠበ ትንሽ ቍስል ላይ ስስ አድርገው ቢቀቡት ይጠቅማል፤ ጣፋጭነቱ ውሃውን ከቍስሉ ስለሚስብ መግል የሚያመጡት ተሐዋስያን ሊራቡ አይችሉም። ነገር ግን በጨርቅ ካልተሸፈነ ውሻው ይልሰዋል፤ ጕንዳንም ይሰበሰብበታል። ማሩ የሚረዳው ለተቧጨረው ቍስል ነው፤ በቆዳው ውስጥ የተቀበረችውን የእከክ ተባይ አያወጣትም።

የሚያሳዝነው፣ ቍስሉ ከሚገድለው ውሻ ሌላ «መድኃኒቱ» የሚገድለው ውሻ መኖሩ ነው። አንዱ የመብራት ጋዝ ይቀባዋል፤ ሌላው ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ያፈስበታል፤ ሦስተኛው ለእህል ተባይ የተገዛውን መርዝ በውሃ በጥብጦ ያጥበዋል። እነዚህ ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ ውሻውም ሲልሳቸው ወደ ሆዱ ይገባሉ። እንዶድም ልብስን ስለሚያነጻ ለቍስል የሚስማማ የሚመስለው ሰው አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ማግኘታቸው የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለ ኃይል ያለውን ነገር በተላጠ ቆዳና በሚልስ አፍ ላይ ማድረግ አይገባም።

ለከፋ ሰው ይልቁንም ሊነገር የሚገባው ስለ አይቨርሜክቲን ነው። በዚያ አገር በፈጣን ወንዞች ዳር የምትራባ ትንሽ ጥቍር ዝንብ ኦንኮሰርካ የሚባለውን፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይንን የሚያሳውር ደዌ ታስተላልፋለች። ይህን ለመከላከል የአይቨርሜክቲን ኪኒን በየመንደሩ መታደል በኢትዮጵያ የተጀመረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በከፋና በሸካ ነው። መድኃኒቱን ያስገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት ሊቃውንት መካከል ናቸው። የከብት ሐኪምም የውሻን እከክ በዚሁ መድኃኒት ሊያክም ይችላል። ይሁን እንጂ የሰውን ኪኒን ሰብሮ ለውሻ መስጠት፣ ወይም ለበሬ የተዘጋጀውን መርፌ በግምት መውጋት እጅግ አደገኛ ነው። ለበሬ ክብደት የተመጠነው ጥቂት ጠብታ ለውሻ ብዙ ነው፤ እንደ ኮሊ ያሉ የበግ ጠባቂ ዘሮች ደግሞ በትውልዳቸው ይህን መድኃኒት ወደ አንጐላቸው እንዳይገባ መከልከል የማይችሉ ስላሉባቸው፣ ሌላውን ውሻ በማይጐዳው መጠን ይንቀጠቀጣሉ፤ ይሞታሉም። ለቤተ ሰቡ የታደለው ኪኒንም ለቤተ ሰቡ ጤና መዋል አለበት።

ሐኪም ከሚያዛቸው የቆዩ መድኃኒቶች አንዱ ከኖራ ጋራ የተዘጋጀ የድኝ ውሃ ነው። ሽታው የተበላሸ ዕንቍላል ይመስላል፤ ልብስም ያበላሻል፤ ነገር ግን የእከክን ተባይና ጭርትን ያጠፋል። ውሻው እስኪደርቅ ድረስ እንዳይልሰው መጠበቅ፣ ማጠቡንም ሐኪሙ እንዳዘዘው በየሳምንቱ መድገም ያስፈልጋል፤ ዛሬ ዕንቍላል የሆነችው ተባይ ሦስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ራሷ ዕንቍላል ጣይ ትሆናለችና።

ውሻውን አክሞ መኝታውን መተው ግማሽ ሥራ ነው። የእከክ ተባይ ከውሻው ገላ ተለይታ በደረቅና በሞቃት ስፍራ ጥቂት ቀን ብቻ ትኖራለች፤ በቀዝቃዛና በርጥብ ስፍራ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ልትቆይ ትችላለች፤ ደካን በመሰለ አገር ይህን ማሰብ ይገባል። የተኛበትን ገለባ ማቃጠል፣ ጨርቁን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ፀሐይ በወጣ ጊዜም ማስጣት ያስፈልጋል። የቍንጫም ዕንቍላልና ዕጭ የሚበዛው በወለሉ ላይ እንጂ በውሻው ላይ አይደለምና ወለሉ ይጠረግ። በቤቱ ያሉት ውሾች ሁሉ፣ ያላከካቸውም ቢሆኑ፣ አብረው ይታከሙ።

ከውሻው ጋራ የሚጫወቱ ልጆች በክንዳቸውና በሆዳቸው ትንንሽ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊያወጡ ይችላሉ። የውሻ እከክ በሰው ገላ ላይ ስለማይራባ ውሻው ሲድን አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ግን የሰው እከክ ሌላ ነውና ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

የቈሰለ ውሻ ሲነካ የሚያሳድገውን እንኳ ይነክሳል። ስለዚህ አፉን በለስላሳ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ማሰር ይሻላል። ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ከሆነ ግን የእብደት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ አይነካ። የተነከሰ ሰውም ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።

ውሻው መብል የተወ፣ ትኵሳት ያለው፣ ቍስሉ የሚሸትና የሚሰፋ፣ ወይም ገና ቡችላ ከሆነ በቤት መሞከሩ ይቅርና የከብት ሐኪም ይየው። ለሌላውም ውሻ አንድ ሳምንት ታጥቦ ለውጥ ካልታየበት እንዲሁ ነው። ሐኪሙ ከቆዳው ጥቂት ፍቆ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል፤ አንዳንድ ጊዜ ተባይዋን ባያገኛት እንኳ ምልክቱን አይቶ ሊያክም ይችላል። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ማሳከኩ ወዲያው አይቆምም፤ ተባዮቹ ከሞቱ በኋላም ቆዳው ራሱ እስኪድን ጥቂት ሳምንት ያክካል። ባለቤቱ ይህን አይቶ መድኃኒቱ አልሠራም በማለት ከታዘዘው በላይ እንዳይጨምርበት፤ በተመለጠው ስፍራ ላይ አዲስ ጠጕር መብቀሉን ይጠብቅ።