ያለቀ የስፔን መዳብ ሳንቲም እንዴት ይነበባል?

የአክስቴ ልጅ ፍሎሪዳ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛውን ሳንቲም ሲያመጣልኝ አንዱ ገጽ ቡና የመሰለ፣ ሌላው ግን እንደ አዲስ ድስት የሚያብረቀርቅ ነበር። «በሎሚና በጨው አሸሁት፤ ሁለተኛውን ሳልጀምር አንተ እየው ብዬ ነው» አለኝ። ወዲያው ተቀብዬው ደረቅ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት።

መዳብ ከአየር፣ ከእርጥበትና ከእጅ ላብ ጋር ብዙ ዘመን ሲኖር ላዩ ላይ ቀጭን ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቆዳ ያበጃል። ይህ ቆዳ ቆሻሻ አይደለም፤ ከመዳቡ ከራሱ የወጣ ነው። ሥዕሉ ጠፋ በተባለበት ሳንቲም ላይ የፊደሉን ቅርጽ ይዞ የሚቆየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሎሚው ቆዳውን ሲገፈው የቀረው ጽሑፍም አብሮት ይሄዳል። ለትሪና ለሰሃን ሎሚና አመድ የመሰለ ነገር የለም፤ ለአሮጌ ሳንቲም ግን ጥፋት ነው። ሊያሳስብ የሚገባው በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። እሱ መዳቡን እየበላ ያለ ጨው ስለሆነ ሳንቲሙን ከእርጥበት ማራቅ ያስፈልጋል።

የኩሽናውን መብራት አጥፍተን የስልኬን ባትሪ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ዝቅ አድርጌ ከጎን አበራሁበት። ከላይ የሚመጣ ብርሃን ከፍታውንም ዝቅታውንም እኩል ስለሚያበራው ያለቀ ሳንቲም ልሙጥ ሆኖ ይታያል። ከጎን ሲመጣ ግን ፀጉር የምታክል ጉብታ እንኳ ጥላ ትጥላለች። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከብርሃኑ ጋር በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋ መስመር ጥላ የለውም፣ አይታይምም። ስለዚህ ባትሪውን አንድ ቦታ ይዞ ሳንቲሙን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀስ እያሉ ማዞር ነው።

ሳንቲም ሲያልቅ በዘፈቀደ አያልቅም። መጀመሪያ የሚሄደው ከሁሉ ከፍ ብሎ የተቀረጸው ነው፤ የንጉሡ ጉንጭ፣ ጆሮው፣ ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉር። እስከ መጨረሻ የሚቆየው የምስሉ ዙሪያ ጠርዝ ነው። ዓይንና አፍንጫ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ የሚፈለገው ድንበሩ ነው።

በቡናማው ገጽ መጀመሪያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ታየኝ። ሩብ ዙር ሳዞረው የሚያቋርጠው ሌላ መስመር ብቅ አለ፤ መስቀል ነው። በመስቀሉ አራት ማዕዘኖች ውስጥ አራት እብጠቶች አሉ። ሁለቱ አናታቸው ላይ ጥርስ ያላቸው ግንቦች ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ በኋላ እግራቸው የቆሙ አንበሶች። ግንቡ የካስቲል፣ አንበሳው የሊዮን መንግሥት ምልክት ነው፤ ሁለቱም ስማቸውን በሥዕል የሚናገሩ አገሮች ናቸው። በዙሪያቸው የቅጠል ጉንጉን አለ። ዘውድና ጎፈር እየተባባለ ሳንቲም ሲወረውር ያደገ ሰው ከሩቅ አገር ሳንቲም ላይ አንበሳ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ እኔንም ደስ ብሎኛል።

ግንብና አንበሳ ግን የስፔን መሆኑን እንጂ ዘመኑን አይነግርም። ዘመኑን ለማወቅ ጠርዙ ይታያል። በ1600ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመዶሻ የተመታ የስፔን መዳብ ጠርዙ የተዛነፈ ነው። ብዙ ጊዜም በላዩ ሌላ ማኅተም ተደርቦበታል። መንግሥቱ ገንዘብ ባጠረው ቁጥር የሕዝቡን መዳብ ሰብስቦ አዲስ ዋጋ ይመታበት ነበር፤ በ1603 ፊሊፕ ሣልሳዊ እንዲሁ አድርጎ ዋጋውን በእጥፍ አሳደገው። ማኅተም በማኅተም ላይ የተደራረበበት፣ ሁለት ዓመተ ምሕረት የሚታይበት ሳንቲም ካገኛችሁ የዚያ ዘመን ነው። የእኛው ግን ክብ ነው፣ ውፍረቱም እኩል ነው፤ በማሽን የተመታ።

ቀጥሎ ሚዛን። የወርቅ ሠሪ ዓይነት፣ እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ሳንቲሙ 10.60 ግራም መዘነ፤ ስፋቱ በማስመሪያ ወደ 30 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጬ ወደ ዜሮ መለስኩት። ሳንቲሙን በክር አንጠልጥዬ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ውሃው ውስጥ አሰመጥኩት። ሚዛኑ 1.19 አለ። ይህ ሳንቲሙ ቦታ ያስለቀቀው ውሃ ክብደት ነው፤ አንድ ግራም ውሃ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሆነ የሳንቲሙ መጠን ማለት ነው። 10.60 ለ1.19 ሲካፈል 8.9 ይሆናል፤ የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩቡ ክብደት በግራም ማለት ነው። ንጹሕ መዳብ 8.96 ነው፤ ብር 10.5፤ ናስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመዳብ ዝቅ ይላል። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ከመዳብ ጋር መስማማቱ ታወቀ።

የስፔን የመዳብ ገንዘብ ማራቬዲ ይባል ነበር፤ 34ቱ አንድ ሬያል ይሆን ነበር። ስሙ የመጣው ሙራቢጦች ከተባሉት የሙስሊም ገዢዎች የወርቅ ዲናር ነው፤ በወርቅ ተጀምሮ በመዳብ የጨረሰ ስም። ከ1772 ጀምሮ ካርሎስ ሣልሳዊ ባለ 1፣ 2፣ 4 እና 8 ማራቬዲ አዲስ መዳብ አስመታ፤ በአንድ ገጽ የንጉሡ ፊት፣ በሌላው ግንብና አንበሳ ያለበት መስቀል። እያንዳንዱ ከበላዩ ካለው በክብደት ግማሽ ያህል ነው፤ ባለ 8ቱ አዲስ ሳለ ከ11 እስከ 12 ግራም ገደማ። ሲያረጅ ጥቂት ስለሚቀንስ 10.60 ከእሱ ጋር ይሄዳል።

የሻጩ ወረቀት «የስፔን ቅኝ ግዛት ሳንቲም» ይላል። ይህ ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሜክሲኮ በ1542 መዳብ ተመትቶ ነበር፤ የአገሩ ሰዎች ግን አልተቀበሉትም፣ ሐይቅ ውስጥ ወረወሩት ይባላል። ከዚያ በኋላ እዚያ ለረጅም ዘመን የተመታው ብር ነው። በሳንቶ ዶሚንጎ የተመታው አሮጌ መዳብ በአንድ ገጹ ሁለት ምሰሶዎች አሉት። የማኒላው ደግሞ አንበሳው የፊት እግሮቹን በሁለት ሉሎች ላይ አሳርፏል። በአሜሪካ አፈር ውስጥ ከሚገኘው የስፔን መዳብ ብዙው እዚያው ስፔን ተመትቶ በወታደርና በመርከበኛ ኪስ የተሻገረ ነው።

የታሸውን ገጽ የገለበጥኩት በመጨረሻ ነው። ከንጉሡ ፊት በአንዱ ጎን ቅስት በቅስት የተደረደረበት ድልድይ መሳይ ነገር ጭላንጭል አለ። ይህ የሴጎቪያ ከተማ የሮማውያን የውሃ ማስተላለፊያ ነው፤ የዚያ ከተማ ገንዘብ መምቻ ቤት ምልክት። በሌላው ጎን የ8 ቁጥር የታችኛው ሆድ ብቻ ቀርቷል። ከስሙ በኋላ ቁም መስመሮች አሉ። ሦስት ከሆኑ ካርሎስ ሣልሳዊ፣ አራት ከሆኑ ልጁ ካርሎስ ራብዓዊ ነው፤ በሁለቱ ዘመን የሳንቲሙ ሥዕል ተመሳሳይ ነበርና ልዩነቱ አንድ ጭረት ላይ ነው። ሎሚው የበላው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ሦስቱ ይታያሉ። ከሦስተኛው በኋላ ግን ጠባሳ የመሰለ ብርሃን ብቻ አለ። የአክስቴ ልጅ ትንፋሹን ይዞ ባትሪውን እንደያዘ ሳንቲሙን በጣም በዝግታ አዞርኩት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ ያለ ጭረት ሳይሆን ወደ ቀኝ ያበጠ ቀስት ብልጭ አለ። አራተኛ መስመር አይደለም። «በእግዚአብሔር ጸጋ» የሚለው የላቲን ሐረግ የሚጀምርበት ሆዳም ፊደል ነው።

የዓመቱ መጨረሻ ሁለት አኃዞች ታሽተው ሄደዋል። በትንሽ ወረቀት ላይ «8 ማራቬዲ፣ ካርሎስ ሣልሳዊ፣ ሴጎቪያ፣ ከ1772 እስከ 1788» ብዬ ጽፌ ከሳንቲሙ ጋር ፖስታ ውስጥ ከተትኩለት።