የፍጥነት ቁጥጥርና ፍትሐዊነቱ፦ አሽከርካሪውም እግረኛውም ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በመዲናዋ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው የፉሪ አካባቢ የተለያየ ክብደትና ፍጥነት ያላቸው ተሽከርካሪዎች የሚገናኙበት ነው። ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ጣቢያዎች አንዱ የሆነው የፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚገኘውም በዚሁ አቅጣጫ ነው። የጭነት ተሽከርካሪዎች፣ ሚኒባሶችና ባጃጆች በእግሩ ከሚጓዘው ነዋሪ፣ ተማሪና ሠራተኛ ጋር መንገድ ይጋራሉ።

እንደ ሌሎቹ የከተማዋ መንገዶች ሁሉ፣ ራዳር የያዘ የትራፊክ ፖሊስ መንገድ ዳር ሲቆም ከፊት ለፊት የሚመጡ አሽከርካሪዎች መብራታቸውን ብልጭ ድርግም በማድረግ ሌላውን ማስጠንቀቃቸው የተለመደ ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ ሁለት ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ይነሳሉ። አንደኛው አሽከርካሪን ሳያውቅ መለካት ፍትሐዊ ነው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ማስጠንቀቅ ፍጥነትን እስካስቀነሰ ድረስ ጉዳቱ ምንድን ነው የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች በመሆናቸው ግልጽ ምላሽ ያስፈልጋቸዋል።

የ50 እና የ70 ኪሎ ሜትር ልዩነት

በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ልጅ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ድንገት ወደ መንገዱ ቢገባና የሚመጣው አውቶሞቢል 30 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ጥሩ ከሆነ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው መኪና በ28 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ልጁ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ግን ልጁ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ገና 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጭነት የያዘ ከባድ ተሽከርካሪ ከሆነ ደግሞ መቆሚያው ርቀት የበለጠ ይረዝማል።

በአንጻሩ በ3 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ በ50 ፈንታ በ70 የተጓዘ አሽከርካሪ የሚያተርፈው አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

መለኪያው እንዴት ይሠራል? ሊሳሳትስ ይችላል?

ራዳር ወደ ተሽከርካሪው የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ተንጸባርቆ ሲመለስ የሚያሳየው የድግግሞሽ ለውጥ የተሽከርካሪውን ፍጥነት ይገልጻል። በሌዘር የሚሠራው መሣሪያ ደግሞ ብርሃኑ ተሽከርካሪው ላይ አርፎ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ ደጋግሞ በመለካት ፍጥነቱን ያሰላል።

ብዙ አሽከርካሪዎች መንገድ ዳር ቆሞ በጎን የሚለካ ራዳር ፍጥነታቸውን አብዝቶ የሚመዘግብ ይመስላቸዋል። እውነታው ተቃራኒው ነው። ባለበት ቆሞ የሚለካ ራዳር አቅጣጫው ከተሽከርካሪው የጉዞ መስመር ባዘነበለ ቁጥር የሚያነበው ፍጥነት ከትክክለኛው ያነሰ ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በ15 ዲግሪ ማዕዘን ቢለካ ንባቡ 77 ገደማ ነው። ይህ ስህተት ለአሽከርካሪው የሚያደላ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ፍጹም አይደለም። የራዳር ሞገድ እየሰፋ የሚሄድ በመሆኑ ብዙ ተሽከርካሪዎች በአንድ ላይ ሲያልፉ ንባቡ የየትኛው እንደሆነ ባለሙያው በዓይኑ ማረጋገጥ ይኖርበታል። መሣሪያው በየጊዜው ካልተፈተሸም ውጤቱ አስተማማኝ አይሆንም። በሌላ በኩል፣ ከፋብሪካው ልክ የሰፋ ጎማ የተገጠመለት ተሽከርካሪ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ፍጥነት ከትክክለኛው ፍጥነት ሊያንስ ስለሚችል አሽከርካሪው ሳያውቀው ከወሰን ሊያልፍ ይችላል።

ማስጠንቀቅና መሸሽ

ማስጠንቀቂያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የፍጥነት ወሰንን ወይም ካሜራ መኖሩን የሚያሳውቅ የመንገድ ዳር ምልክት ለሁሉም በእኩል የሚታይ በመሆኑ ፍጥነትን በመቀነስ ያገለግላል። የራዳርን ሞገድ አስቀድሞ የሚያነፈንፍ መሣሪያ፣ የቁጥጥር ቦታን የሚጠቁም የስልክ መተግበሪያ ወይም የመብራት ብልጭታ ግን በአብዛኛው የሚጠቅመው ከወሰን በላይ ለሚያሽከረክረው ነው። አሽከርካሪው ፖሊሱ ካለበት ቦታ ዝግ ብሎ ያልፍና ጥቂት እንደራቀ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ መንገድ የሚያቋርጠው እግረኛ ግን ምንም ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም።

የሌሎች አገሮች አሠራር የተለያየ ነው። ጀርመን አሽከርካሪዎች እያሽከረከሩ እነዚህን መሣሪያዎች እንዳይጠቀሙ ትከለክላለች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2012 ክልከላዋን ስታጠብቅ የካሜራውን ትክክለኛ ቦታ በሚጠቁሙት መሣሪያዎች ፈንታ አደገኛ የመንገድ ክፍሎችን በጥቅሉ የሚያሳውቁት እንዲያገለግሉ ፈቅዳለች። ብሪታኒያ በበኩሏ ራዳርን የሚያነፈንፍ መሣሪያን ባትከለክልም መለኪያውን የሚያውክ መሣሪያ የሚጠቀምን አሽከርካሪ ትከሳለች። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2001 ካሜራዎች በቀላሉ እንዲታዩ ቢጫ ቀለም እንዲቀቡ ወስናለች። ከቅጣት የሚገኘው ገንዘብ በቀጥታ ለካሜራ ሥራ ይውል የነበረበት አሠራርም እ.ኤ.አ. በ2007 ቀርቷል። የዚህ ሁሉ መነሻ ሕዝቡ ቁጥጥሩን እንደ ገንዘብ መሰብሰቢያ እንዳያየው ማድረግ ነው።

ቁጥጥሩ ፍትሐዊ የሚሆነው መቼ ነው?

አሽከርካሪ የሚለካበትን ሰዓትና ቦታ አስቀድሞ የማወቅ መብት የለውም፤ የተፈቀደለትን የፍጥነት ወሰን ግን በግልጽ ሊያውቅ ይገባል። ወሰኑ ድንገት በሚቀንስበትና ምልክቱ በወደቀበት ወይም በዛፍ በተሸፈነበት ቦታ መቅጣት ቅሬታ ቢያስነሳ አይደንቅም። በተመሳሳይ ሁኔታ ቁጥጥሩ አሽከርካሪ በቀላሉ በሚያዝበት ሳይሆን ሰው በሚጎዳበት ቦታ፣ ማለትም በትምህርት ቤት፣ በገበያና በታክሲ ማቆሚያ አካባቢ ሲያተኩር ዓላማውን ያሳካል።

በአገራችን የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ጥፋቶችን በእርከን ከፍሎ ቅጣቱን ከአሽከርካሪው የጥፋት መዝገብ ጋር አያይዟል። ስለሆነም የተሳሳተ ቅጣት የሚያስከትለው የገንዘብ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የመንጃ ፈቃድን የሚነካ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ ይህ መርህ ለመንገድ ዳር ቁጥጥርም ይሠራል።

በፍጥነት ምክንያት የተቀጣ ተገልጋይ ምን ያድርግ?

1. የተመዘገበውን ፍጥነትና በቦታው የተፈቀደውን ወሰን በአክብሮት መጠየቅ።
2. በቅጣት ወረቀቱ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የጥፋቱ ዓይነት በትክክል መሞላታቸውን ማረጋገጥ።
3. ምልክቱ የወደቀ ወይም የተሸፈነ ከሆነ ተሽከርካሪውን በተፈቀደ ቦታ አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሳትና ለሚመለከተው የመንገድ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ።
4. ቅጣቱን በተፈቀደው የክፍያ መንገድ ብቻ መክፈልና ደረሰኙን መያዝ። ለማንም በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ቅጣት አይደለም።
5. ቅሬታ ካለ የመክፈያ ጊዜው ሳያልፍ ቅጣቱን ለጣለው አካል በጽሑፍ ማቅረብ። አስተዳደራዊ በደል ደርሶብኛል የሚል ተገልጋይ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ማመልከት ይችላል።

በፉሪም ሆነ በሌላ አካባቢ የትምህርት ቤት ማቋረጫ የሌለው፣ ምልክት የወደቀበት ወይም ተሽከርካሪዎች ዘወትር በፍጥነት የሚያልፉበት ቦታ ካለ፣ ነዋሪዎች በወረዳቸው በኩል ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። መብራት ብልጭ የሚያደርግ አሽከርካሪ ባልንጀራውን ከቅጣት ያድነው ይሆናል፤ 30 ሜትር ፊት ለፊት ድንገት የሚገባውን ልጅ የሚያድነው ግን ሁሉም አሽከርካሪ፣ ተቆጣጣሪ ኖረም አልኖረም፣ በወሰኑ ሲጓዝ ብቻ ነው።